የግላኮማ ጠብታ ዓይንን ለምን ያደርቃል?

የግላኮማ ጠብታ ለወራት የተጠቀመ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረዋል፣ ይለበልበዋል፣ ይቀላል። ግራ የሚያጋባው እንባው ደግሞ መፍሰሱ ነው። «ዓይንዎ ደርቋል» ሲባሉ «እንባዬ እየወረደ?» ብለው የሚገረሙ አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ብሌኑ ላይ የሚያጣብቀው ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ከላዩ ደግሞ ከዓይን ቆብ ጠርዝ የሚወጣ ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ ውሃው እንዳይተን ይሸፍነዋል። እሱ ሲሳሳ ብሌኑ ይራቆታል፤ ዓይንም ተቆጥቶ ብዙ ውሃ ባንዴ ይለቃል። ያ ውሃ ግን ብሌኑ ላይ ስለማይረጋ በጉንጭ ወርዶ ይቀራል።

ጠብታው እዚህ ምን አገባው? ብዙዎቹ ጠርሙሶች ከተከፈቱ በኋላ ጀርም እንዳይራባባቸው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ማቆያ አላቸው። ሳሙና ከክትፎ ሳህን ላይ ቅቤውን እንደሚያነሳ ሁሉ ይህም የእንባን ቅባት ይበትናል። ከግላኮማ ጠብታዎች ጠዋትና ማታ ቲሞሎል፣ ማታ ላይ ደግሞ ላታኖፕሮስት የሚጨምር ሰው ማቆያውን በቀን ሦስቴ፣ ለዓመታት ዓይኑ ውስጥ ያስገባል።

በጉራጌ አገር ደግሞ እንባን የሚያጎድል ሌላ ነገር፣ ትራኮማም አለ። በዓይን ቆብ ውስጥ ጠባሳ ሲተው ዝልግልጉንና ቅባቱን የሚያመነጩትን ዕጢዎች ይጎዳል። በልጅነታቸው ዓይናቸው ደጋግሞ የታመመ፣ ዛሬም ቆጮ ሲጋግሩ ጭስ የሚመታቸው እናት ጠብታውን የሚጀምሩት እንባቸው ቀድሞ ጎድሎ ነው። መቆርቆሩም ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየቧጨረ ሊሆን ስለሚችል ቆባቸው ተገልብጦ ይታይ። ቡታጅራ ያለው ግራርቤት ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ መቆርቆሩ ራሱ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው ነው። አንዱ ጠብታውን በራሱ ያቆማል፤ ግላኮማ ያጠፋው እይታ ደግሞ አይመለስም። ሌላው ፋርማሲ ገብቶ «ለቀላ ዓይን» ብሎ ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ያለበትን ጠብታ ይገዛል። ቅላቱ በቀናት ይለቀዋል፤ ለሳምንታት ሲቀጥል ግን መድኃኒቱ የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ያውም ግፊቱ እንዲቀንስለት ጠብታ የሚጨምረውን የግላኮማ ሕመምተኛ ግፊት።

አጨማመሩን ማስተካከል ብቻ እንኳ ችግሩን ብዙ ያቃልላል። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገው አንድ ጠብታ ብቻ ያድርጉ፤ ዓይን ከዚያ በላይ አይዝም። ጨፍነው የአፍንጫዎን ጎን፣ የዓይንዎን ማዕዘን በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ጫን ያድርጉ። ይህ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮና ወደ ደም እንዳይወርድ ያግዛል፤ ቲሞሎል አስም ስለሚቀሰቅስ አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ቆብ ላይ የተረፈውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ሁለተኛ መድኃኒት ካለ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ አለዚያ ኋለኛው ፊተኛውን ያጥበዋል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ለአምስት ደቂቃ ማሳረፍ የረጋውን ቅባት ያላላል።

ሰው ሠራሽ እንባም ይረዳል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ካስፈለገ ግን ማቆያ የሌለውን ይጠይቁ። ሐኪሙም ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ የያዘ፣ ወይም ማቆያ የሌለው ጠብታ ሊቀይርልዎ፣ ለአንዳንዱም ሰው የሌዘር ሕክምና ሊያስብ ይችላል። ለቀጠሮ ሲሄዱ ታዲያ ጠርሙሶቹን ሁሉ፣ በራስዎ የገዟቸውንም ጭምር በፌስታል ይያዙና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለት።