ግፊትና የማዕድናት ስውር ባሕርይ

የማዕድንን ባሕርይ መለወጥ የወደደ ሰው ከጥንት ጀምሮ በእሳት ያቀልጠዋል ወይም ከሌላ ማዕድን ጋር ያዋሕደዋል፤ ዳሩ ግን ባዕድ ነገር ሳይጨመርበት፣ አቶሞቹን ብቻ እርስ በርሳቸው በማቀራረብ ጠባዩን ለመለወጥ የሚያስችል ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም ግፊት ነው። በዚህ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ፐርሲ ብሪጅማን እ.ኤ.አ. በ1946 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ዛሬ ምርመራው የሚካሄደው በአብዛኛው በሁለት አልማሶች መካከል ነው። የአልማሶቹ ጫፍ ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ ስለ ሆነ፣ ብሎን በማጥበቅ የሚሰጣቸው መጠነኛ ኃይል በዚያች ጠባብ ስፍራ ተሰብስቦ፣ በመካከላቸው በተቀመጠችው ቅንጣት ላይ ከአየር ግፊት መቶ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ጫና ያሳርፋል፤ አልማስም ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ በቅንጣቷ ላይ የሚፈጸመውን መመልከት ይቻላል።

በዚህ ዘዴ በትጋት ከሚመረመሩት ወገን ቶፖሎጂያዊ የሚባሉት ቁሶች ይገኙበታል። ማተብ ቢሳብ ቢጠማዘዝም ክሩ እስካልተበጠሰ ድረስ ዙሪያ ገጠምነቱ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ በእነዚህም ቁሶች ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኖች ሥርዓት በጥቃቅን ጉድለት አይፈርስም፤ የዚህን ዕውቀት መሠረት የጣሉት ታውለስ፣ ሃልዴንና ኮስተርሊትዝም እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከኮባልት፣ ከቆርቆሮና ከድኝ የተዋሐደው አንዱ ቁስ ከ177 ኬልቪን በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 96 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀዘቅዝ ማግኔት ይሆናል፤ ያን ጊዜም በውስጡ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት፣ ከውጭ የሚስበው ማግኔት ሳይኖር፣ በራሱ ወደ ጎን ያዘነብላል። ግፊት ሲበረታበት ግን አቶሞቹ ይቀራረባሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰፊው መመላለስ ስለሚቀናቸው በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው የመቆም ዝንባሌያቸው ይደክማል፤ በዚህም ምክንያት ማግኔት የሚሆንበት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ የጅረቱም ዘንበል ማለት ይቀንሳል። መግነጢሳዊው ኃይልና የኤሌክትሮኖቹ ሥርዓት የተሳሰሩ መሆናቸው በዚህ ይታወቃል።

ግፊት ግን የሚያደክም ብቻ አይደለም። ከሞሊብዲነምና ከቴሉሪየም የተሠራው ሌላው ቁስ ጅረትን ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚያሳልፈው በ0.1 ኬልቪን ብቻ ሲሆን፣ 11.7 ጊጋፓስካል ግፊት ሲያርፍበት ይኸው ጠባይ እስከ 8.2 ኬልቪን ድረስ ከፍ ማለቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታውቋል።

እንግዲህ የግፊት ትልቁ ጥቅም ንጽሕናው ነው፤ ባዕድ አቶም የጨመረ መርማሪ የለውጡ ምንጭ እንግዳው አቶም ይሁን የርቀቱ መለወጥ ለመለየት ይቸገራልና። በግፊት አማካይነት የትኛው ርቀት የትኛውን ጠባይ እንደሚወልድ የተረዳ ሊቅ ግን፣ ኋላ አንዱን አቶም በእርሱ ፈንታ በሚገባ አነስተኛ አቶም ተክቶ፣ ያንኑ መጨመቅ ያለ አልማስ ሊያገኘው ይችላል፤ ስለዚህ በእነዚያ ጠባብ ጫፎች መካከል የሚደከመው ድካም ለነገው ቁስ ሠሪ መንገድ ጠራጊ ነው።