የራስን መልክ በልክ ስለ መሳል

ሰው ከማለዳ እስከ ማታ የሌላውን ሰው ፊት ሲመለከት ይውላል፤ የገዛ ፊቱን ግን ጢሙን ሲላጭ ወይም ነጠላውን ሲያስተካክል ካልሆነ በቀር አያየውም፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚያየው ጢሙንና ነጠላውን እንጂ ፊቱን አይደለም። እኛም ዕድሜያችን ከአርባ ዓመት ካለፈ በኋላ የራሳችንን መልክ በእርሳስ ለመሳል የተነሣነው በሥዕል ጥበብ ለመመካት ሳይሆን በቤታችን ባጋጠመ አንድ ጉዳይ ምክንያት ነው።

ጉዳዩም እንደሚከተለው ነው። አባታችን ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም በአንድ መሥሪያ ቤት ከመዝገባቸው ጋራ ተያይዞ ሲኖር፣ መዝገቡ ጠፍቷል ተባለና ፎቶግራፉም አብሮ ቀረ። እኛ የሰውን መዝገብ ስንጠብቅ የምንውል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስንሆን፣ የገዛ አባታችንን መልክ በመዝገብ መጥፋት ምክንያት ማጣታችን እስከ ዛሬ ይቈጨናል። ዘንድሮ ታናሺቱ ልጃችን «አያቴ ምን ይመስሉ ነበር?» ብላ ብትጠይቅ፣ እናታችን በእጃቸው ወደ እኛ አመልክተው «ይኸው እርሱን እዪ፤ ቍርጥ አባቱን ነው» አሏት። ልጂቱም ወዲያው ወረቀትና እርሳስ አምጥታ «እንግዲያውስ አባባ፣ ራስዎን ይሳሉልኝ» አለችን። እምቢ ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘንም።

ሁለት ማታ ደክመን የሳልነው ሥዕል ሰው ይመስል ነበር፤ እኛን ግን አይመስልም ነበር። ዓይኖቹ እጅግ ታላላቅ ሆነው ከግንባሩ ሥር ተጠግተዋል፤ ግንባሩም ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ባለቤታችን አይታ «ይህ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ጻድቅ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» ብላ ሳቀች። ነገሩ ግን እውነት ስለ ሆነ አብረን ሳቅን።

እንዲህ የሆነበትም ምክንያት ኋላ ገባን። በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ዓይናችን የለመደው የአባቶችን ሥዕል ነው። በዚያ ሥዕል ዓይን ትልቅ የሚሆነው ሠዓሊው መለካት ተስኖት አይደለም፤ በሥርዐቱ ጻድቅ የሆነ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሲመለከት ይሳላል፤ ኃጥእና ዲያብሎስ ግን በጎን ዞረው በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ስለዚህ ዓይን የፊት አንዱ ክፍል ብቻ ሳይሆን የምስክርነት ቃል ነው። ሥዕሉን ያሠራውም ባለጠጋ ወይም መኰንን ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ሲሳል የራሱን መልክ አይጠይቅም ነበር፤ ስሙ በአጠገቡ ይጻፍለታልና ማንነቱ በስሙ ይታወቃል። በመልክእ ድርሰትም እንዲሁ ነው፤ ደራሲው ከራስ ጠጉር ጀምሮ እያንዳንዱን የአካል ክፍል በየተራው እየጠራ ሰላምታ ሲያቀርብ፣ የሚያቀርበው ውዳሴ ነው እንጂ ልክ አይደለም። ይህ ሁሉ ለዓላማው የተገባና ያማረ ነው። ነገር ግን አያቷን ላላየች ልጅ የአያቷን ፊት ለማሳየት አይበቃም።

በዚህ ስንጨነቅ የረዳችን ያላሰብናት ሰው ናት። ቤታችን በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል፣ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ የማይርቅ ነው። የእኅታችን ልጅ በዚያ ለውጭ ሀገር ገበያ ልብስ ከሚሰፉት ወጣቶች አንዲቱ ስትሆን ከእኛ ጋራ ትኖራለች። ማታ ከሥራ ደክማ ገብታ ሥዕላችንን አየችና «ጋሼ፣ ይህን የሳሉት ሳይለኩ ነው እኮ» አለችን። «ፊት ምን ይለካል?» ብንላት፣ «እኛ ዘንድ አንገትጌ ግማሽ ሳንቲም ቢዛባ ልብሱ ተመልሶ ይፈታል፤ የሰው ፊት ከካናቴራ ያንሳል?» ብላ ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

ከዚያም በበሩ መቃን አጠገብ ቀጥ አድርጋ አቆመችን፤ በአናታችን፣ በዓይናችን መካከልና በአገጫችን ትክክል በእርሳስ ምልክት አደረገች። ከአናት እስከ አገጭ 23 ሳንቲሜትር ሆነ። የዓይናችን ምልክት ግን እኛ እንደ ገመትነው ከላይ ሳይሆን ከሁለቱ እኩሌታ ላይ ተገኘ። ልጂቱም ጨርቅ ሲታጠፍ እንደሚደረገው የወረቀት ቍራጭ በቁመቱ ልክ ቈርጣ ለሁለት ዐጠፈችና እጥፋቱን በዓይን ምልክት ላይ ገጠመችው። እኛ ስንት ዓመት ሙሉ መስተዋት ያየን ሰዎች ዓይን በራስ መካከል መሆኑን አላወቅንም ነበር። ሰው ሲያነጋግሩት የሚያዩት ዓይኑንና አፉን ስለ ሆነ፣ ግንባርና አናት ከሐሳብ ይወጣሉ፤ እጅም የተረሳውን ያሳጥራል።

የቀረውንም ልክ ከመጻሕፍት ፈልገን በራሳችን ፊት መረመርነው። የራስ ስፋት ከፊት ለፊት ሲታይ አምስት ዓይን ያህል ነው፤ የእኛ ዓይን 3 ሳንቲሜትር ቢሆን የራሳችን ስፋት ወደ 15 ተጠጋ። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ቦታ አንድ ዓይን ያህላል፤ የአፍንጫም ስፋት ከክንፍ እስከ ክንፍ እንዲሁ ነው። ከጠጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ያሉት ሦስቱ ክፍሎች እኩል ናቸው ይባላል። በዚህ ላይ ግን ተሳስተን ነበር፤ ጠጉራችን ከጥቂት ዓመት ወዲህ ወደ ኋላ ስለ ሸሸ ግንባራችን ከሁለቱ ክፍሎች በልጦ ተገኘ። መነሻው የተዛወረ ወሰን ለመለኪያ እንደማይሆን በርስት ክርክር ያየ ሰው ነገሩን ያስተውለዋል። ስለዚህ ራሰ በራ የሆነ ሰው የጠጉርን መነሻ ትቶ ከአናት እስከ አገጭ ያለውን እኩሌታ ይያዝ። የሁለቱ ከንፈሮች መገናኛ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ካለው ርቀት ከላይ በሲሶው ላይ ይውላል፤ የአፍ ማዕዘኖችም ዓይን ቀጥ ብሎ ሲያይ ከብሌኑ ሥር ይደርሳሉ። ጆሮ ከቅንድብ ትክክል ተነሥቶ በአፍንጫ ሥር ትክክል ያበቃል።

መስተዋትን በሚመለከትም ለአንባቢ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። አንድ ማታ ከመስተዋት ፊት ቆመን፣ አንዱን ዓይን ጨፍነንና ራሳችንን ሳናንቀሳቅስ፣ የሚታየንን የፊታችንን ዙሪያ በመስተዋቱ ላይ በሳሙና ከበብነው። ሥዕሉን በሜትር ብንለካው ከአናት እስከ አገጭ 11 ሳንቲሜትር ተኩል ሆነ፤ ይኸውም የፊታችን እኩሌታ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደን በረዥም ዘንግ ጫፍ በታሰረ ሳሙና ብንሞክርም ልኩ አልተለወጠም። ምክንያቱም በመስተዋት ውስጥ ያለው መልክ ከመስተዋቱ በስተጀርባ፣ እኛ ከፊቱ በቆምንበት ርቀት ልክ ስለሚታይ፣ መስተዋቱ ሁልጊዜ በመካከል ይገኛል። ስለዚህ በእኩሌታ መጠን ለመሳል የፈለገ ሰው ቁጥር ማካፈል ሳያስፈልገው ልኩን ከመስተዋቱ ላይ ወደ ወረቀት ማዛወር ይችላል። ብርሃኑ ግን ከአንድ ወገን፣ ይልቁንም ከመስኮት ይሁን፤ መብራት ከአናት በላይ ሲሆን የዓይን ጕድጓድ ይጠቍራል፤ ሰውየውም የታመመ ይመስላል።

ይህ የራስን መልክ የመሳል ልማድ በአውሮፓ የቆየ ነው። አልብሬኽት ዱረር የተባለው የጀርመን ሠዓሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1500 ዓ.ም. በ28 ዓመቱ የራሱን መልክ ፊት ለፊት የሳለው ሥዕል ዛሬ በሙኒክ ከተማ ይገኛል። ይኸው ሰው ስለ ሰው አካል ልክ የጻፋቸው አራት መጻሕፍት እርሱ በሞተበት በ1528 ዓ.ም. ታትመዋል። እኛን ያስገረመን፣ ዱረር ለሰው ሁሉ አንድ ልክ አለ ብሎ አለመደምደሙ ነው፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ረዥሙንም አጭሩንም ለየብቻ ለክቶ አስቀምጧል።

ከሀገራችንም ሰዎች ወገን ስማቸው ሊነሣ የሚገባ አለ። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ ሀገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል ሆኖ በለንደን ያንን ተማሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ የሳሉት ሥዕል በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው በኡፊዚ ቤተ ሥዕል ገብቷል። በዚያ ቤት የሚገኘውን የሠዓልያን የገዛ መልክ ስብስብ የጀመሩት በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ካርዲናል ሌኦፖልዶ ደ ሜዲቺ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊውም በእነዚያ መካከል በገዛ እጁ በሳለው ፊቱ ይታያል። አፈወርቅ ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ነው። በሀገር ውስጥም በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም እየተጠራ፣ ይህን ጥበብ ያስተምራል። እኛ ግን ከበር መቃንና ከሜትር በላይ ትምህርት ቤት አልገባንም።

በልክ የተሳለው ሥዕል በአምስተኛው ማታ ተፈጸመ። ለባለቤታችን ብናሳያት ጥቂት ዝም ብላ «አንተን ትመስላለህ፤ ነገር ግን የሆነ ነገር ተዛብቷል» አለች። እኛ ደግሞ ምንም የተዛባ አልታየንም። ኋላ ስንመረምረው፣ በልጅነታችን ከዛፍ ወድቀን ያተረፍነው የግራ ቅንድባችን ጠባሳ በሥዕሉ ላይ ለሚያይ ሰው በቀኝ ቅንድብ ሆኖ ተገኘ። መስተዋት ግራውን ለቀኝ እንደሚያዛውር ረስተን ነበር። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ የምናውቀው ፊት ይህ የተገለበጠው ነው፤ ባለቤታችን የምታውቀው ግን ሌላውን ነው። «በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት» እያልን በመዝገብ ስንት ሰው የጻፍን ሰዎች የራሳችንን ጠባሳ በተሳሳተ ወገን ማስቀመጣችን እንዴት ያለ ነገር ነው! ጠባሳውን ለማዛወር ብቻ ብለን መላውን ሥዕል ወደ መስኮት መስተዋት አስጠግተን ከጀርባው በሌላ ወረቀት ገልብጠን ቀዳነው።

ይህን ሁለተኛውን ሥዕል ይዘን ወደ እናታችን ገባን። ዓይናቸው ስለ ደከመ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ጊዜ ቆዩ። «ግንባሩ እርሱ ነው፤ አፍንጫውም እርሱ ነው» አሉና ጣታቸውን በጆሮው ላይ አደረጉ። «ጆሮው ግን አንሷል። ያባትህ ጆሮ በእርጅናው ወርዶ ነበር፤ ሰው ሲያዳምጥ እንዲህ በመዳፉ ይደግፈው ነበር፤ ረሳኸው?» አሉን። አልረሳነውም፤ ግን አላሰብነውም ነበር። ጆሮ በዕድሜ እንደሚረዝም የታወቀ ነው፤ እኛም የለካነው የራሳችንን፣ ገና ያላረጀውን ጆሮ ነው። በላጲስ አጥፍተን ከአፍንጫ ሥር ዝቅ አደረግነው። «ጥቂት ጨምር» አሉ፤ ጨመርን። ከንፈሩንም አሳሱት፤ በቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ደግሞ «እርሱ ይህ አልነበረውም» ብለው አስጠፉን። በሦስተኛው ጊዜ እጃቸውን ከወረቀቱ አንሥተው «ተወው፤ ከእንግዲህ አትንካው» አሉ።

ልጃችን ሥዕሉን ተቀብላ በክፍሏ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ከሥሩ የማንን ስም እንደምትጽፍ ብትጠይቀን እናታችንን ጠይቂ አልናት፤ እርሳቸውም እስከ አሁን አልነገሯት።