ጂፒኤስ የማሳን ቦታ ከሳተላይት እንዴት ያሰላል?

ይህ መግለጫ የተዘጋጀው ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። በአማራ ክልል የመጀመሪያው ደረጃ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ማሳ የሚለካው በአብዛኛው በገመድ ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ልኬታ ግን ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍና ጂፒኤስ ሥራ ላይ ውለዋል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የአንድ ክንድ ወሰን ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጣላ ስለሚችል፣ መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር ከየት እንደሚመጣና እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ማወቅ ያስፈልጋል።

የአሠራሩ መሠረት

በክረምት መብረቅ ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሰከንዶችን የቆጠረ ሰው የመብረቁን ርቀት መገመት ይችላል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛልና። ጂፒኤስም ርቀትን የሚያገኘው ከጊዜ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ያለበትን ቦታና መልእክቱን የላከበትን ሰዓት በሬዲዮ ሞገድ ያስተላልፋል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መሣሪያው የጉዞውን ጊዜ በዚህ ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። መሣሪያው ተቀባይ ብቻ ስለሆነ የስልክ መሥመር በሌለበት ቀበሌም ይሠራል።

ከርቀት ወደ ቦታ

አንድ ማሳ ከቡሬ 15፣ ከፍኖተ ሰላም 12 ኪሎ ሜትር በቀጥታ ይርቃል እንበል። በካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች እምብርት አድርገን በእነዚህ ርቀቶች ክብ ብንሠራ፣ ክቦቹ በሁለት ነጥቦች ይገናኛሉ፤ አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ በኩል ይሆናል። ከደምበጫ ያለውን ርቀት ስንጨምርበት ትክክለኛው ነጥብ ይለያል። ሳተላይቶቹም እንደነዚህ ከተሞች ናቸው።

ሆኖም ሦስት ሳተላይት አይበቃም። ሳተላይቶቹ እጅግ ትክክለኛ የአቶም ሰዓት ሲኖራቸው፣ በእጅ የምንይዘው መሣሪያ ያለው ተራ ሰዓት ነው። ሰዓቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል። ስለዚህ መሣሪያው አራተኛ ሳተላይት ጨምሮ ቦታውንና የራሱን ሰዓት ስሕተት አንድ ላይ ያሰላል።

ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት

በእጅ የሚያዝ ተራ መሣሪያ በገላጣ ቦታም ቢሆን በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ለምሳሌ ሩብ ሄክታር የሆነ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ማሳ አለ እንበል። ጎኖቹ በስሕተት 53 ሜትር ተብለው ቢመዘገቡ ስፋቱ 2,500 መሆኑ ቀርቶ 2,809 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከመቶ 12 ብልጫ ነው። ለሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ ቢታሰብ፣ 25 ኪሎ የሚበቃው ገበሬ 28 ኪሎ ያህል ይገዛል ማለት ነው።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

1. ከባሕር ዛፍ ሥር፣ ከገደል ጥግና ከቆርቆሮ ቤት አጠገብ ሞገዱ ይጋረዳል ወይም ነጥሮ ይመጣል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ሰማዩ በሚታይበት ቦታ ቆሞ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቆ መመዝገብ ይገባል።

2. ቀድሞ የታተሙት ባለ 1:50,000 የአገራችን ካርታዎች «አዲንዳን» በሚባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ በአካባቢያችን ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ስለዚህ ከመዝገቡ ጋር የመነሻውን ስምና የዞኑን ቁጥር መጻፍ አይዘንጋ፤ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ዞኑ 37 ነው።

3. ወሰን ባከራከረ ጊዜ ተራው መሣሪያ ዳኛ አይሆንም። በሜትር መለካት፣ ወይም ከቋሚ ጣቢያ እርማት እየተቀበለ በሴንቲ ሜትር የሚለካ መሣሪያ ማስመጣት ይሻላል።

4. ጂፒኤስ የቆምንበትን ቦታ እንጂ የመሬቱን ባለይዞታ አይነግረንም። ስለዚህ ልኬታው ሁልጊዜ አዋሳኞቹ በተገኙበትና ወሰኑን ተስማምተው ባሳዩበት ይከናወን።