ስለ አረጋውያን ልማድና ስለ ቤት እንስሶቻቸው

ሰው በሸመገለ ጊዜ ሹመቱ ለሌላ ይተላለፋል፤ ጕልበቱ ይደክማል፤ ባልንጀሮቹም አንድ በአንድ ይቀድሙታል። ከእርሱ ጋራ እስከ መጨረሻ የሚቀረው ዓመሉ ነው። አባቶቻችን «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» ሲሉ የተረቱት ስለ ድመት ብቻ አይመስለንም፤ የሽማግሌን ዓመል ቀርቦ ያየ ሰው ተረቱ ለማን እንደ ተተረተ አይጠፋውም። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገረው ስለዚሁ ዓመል ነው፤ ይልቁንም አረጋውያን ከድመታቸው፥ ከውሻቸው፥ ከዶሯቸውና ከላማቸው ጋራ ስላላቸው ወዳጅነት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ ፍጻሜው ያነበው ዘንድ እንለምነዋለን፤ አባትና እናት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚቈርጠው ፍርድ በውስጡ አለበትና።

ቆሼ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማረቆ ከተማ ናት። አገሩ በሩቅ የታወቀው በበርበሬው ነው፤ በአዲስ አበባ ገበያ የማረቆ በርበሬ ሲባል ባለሞያ ሴት ከዋጋው በፊት ቀለሙን ታያለች። በርበሬው ተለቅሞ በየደጁ ለፀሐይ በተሰጣ ጊዜ፥ ጐልማሶቹ ወደ እርሻ፥ ሴቶቹም ወደ ገበያ ሲሄዱ፥ ጠባቂው ማን ነው? በቤት የቀሩት ሽማግሌ ወይም ባልቴት ናቸው። በርጩማቸውን ከጥላ ሥር አኑረው፥ ረዥም በትር ይዘው፥ ሰማዩን እያዩ ይቀመጣሉ። ውሻ በርበሬውን ቢቀምሰው ይጸጸታል፤ ዶሮ ግን ያለ አንዳች ፍርሃት ትለቅመዋለች። በዚህ የሚደነቅ ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ግን በሊቃውንት ተመርምሮ ታውቋል። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ይኸውም የሰውንና የአጥቢ እንስሳን አፍ ያቃጥላል እንጂ ለአዕዋፍ ወገን አይሰማቸውም። እንዲያውም ቀይ በርበሬ የለመደች ዶሮ የዕንቍላሏ አስኳል እየቀላ ይሄዳል።

ስለዚህ በበርበሬው አጠገብ የተቀመጡት ባልቴት ለሰው ዓይን ሲሉ በበትራቸው «እሽ!» ይላሉ፤ ሰው ዞር ሲል ደግሞ ከዳር የወደቀውን ፍሬ ለዶሯቸው ይገፉላታል። የልጅ ልጆች አይተው ቢስቁባቸው፥ ዶሮዋ የበላችው ለእንግዳ ዕንቍላል ሆኖ ይመለሳል ብለው ይመልሳሉ። ጠባቂውም ሌባውም በአንድ ጥላ ሥር ታርቀው ይውላሉ።

የአረጋውያን ቀን በሰዓት መቍጠሪያ አይመራም፤ በእንስሳ ይመራል ብንል ማጋነን አይሆንም። ሙስሊሙ ሽማግሌ ለሱብሒ ስግደት፥ ክርስቲያኑም ለማለዳ ጸሎት ሲነሡ፥ ውሻው በአጥሩ በር ይጠብቃቸዋል፤ አጥሩን አንድ ጊዜ አብሯቸው ካልዞረ ማለዳው አልነጋም። በጥንቱ የጉራጌ ጐጆ ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በየወገናቸው ያድሩ ስለ ነበረ፥ በዚያ ልማድ ያደጉ አባት ላሚቱ ስታመሰኳ ካልሰሙ እንቅልፍ እንቢ ይላቸዋል። ላሚቱም እንደ ሰው ስም አላት፤ በስሟ ሲጠሯት ዘወር ትላለች። ቡናው ሲፈላ ደግሞ ድመቲቱ ከምድጃው አጠገብ ትጠቀለላለች፤ የእርሷ ወተት ሳይቀዳ አቦሉን የማይቀምሱ ባልቴቶች አሉ። በቶናውና በበረካው መካከልም ረዥም ጨዋታ ይካሄዳል።

የዚህ ጨዋታ ጥበብ ግን ለሁሉ አይገለጥም። ምራታቸውን ፊት ለፊት መውቀስ የሚከብዳቸው ጨዋ ባልቴት፥ ወደ ድመቲቱ ዘወር ብለው «አንቺ ድመት፥ ዛሬ ወተቱ ምነው ውሃ ውሃ አለ?» ይላሉ። ምራቲቱም ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ ድመቲቱም መልስ የላትም፤ ማንም ሳያፍር ነገሩ ይታረማል። በዚህ ዓይነት ድመት ከአይጥ አዳኝነቷ በላይ የቤት አስታራቂ ሆና ታገለግላለች።

ይህ ወዳጅነት አዲስም አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት ዓይኑ የጠፋው ሽማግሌ አባት ልጁን ወደ ሩቅ አገር በላከ ጊዜ፥ ውሻቸው መንገደኞቹን ይከተል እንደ ነበረ ተጽፏል። ከቆሼ እጅግ ሳይርቅ በሶዶ አገር ያለው የምድረ ከብድ ገዳም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ እኒህም አባት ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋራ ይኖሩ እንደ ነበረ ገድላቸው ይናገራል፥ ሥዕላቸውም ያሳያል። በእስልምናም በኩል ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ በድመት ወዳጅነታቸው አቡ ሁረይራ፥ ማለት የድመት ግልገል አባት፥ ተብለው ይጠራሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት በሽምግልናቸው ዘመን ሉሉ የተባለች ቺዋዋ፥ እጅግ ትንሽ ውሻ፥ ነበረቻቸው፤ ከእርሷ ጋራ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነትን ሥራ በሥርዓት ያቋቋሙት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ደግሞ፥ በ1852 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1860) ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሕመሙ ለረዘመበት ሰው ትንሽ እንስሳ መልካም ጓደኛ እንደምትሆንለት ጽፈዋል፤ እርሳቸውም 90 ዓመት በኖሩበት ዕድሜ ብዙ ድመቶች አሳድገዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የዚህ አገር ልጆች ብዙዎቹ ለሥራና ለንግድ በአዲስ አበባና በሌላም ከተማ ይኖራሉ፤ ለመስቀልና ለአረፋ ግን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በበዓሉ ማግሥት የአባታቸውን ድካም፥ የእናታቸውን ብቸኝነት ያያሉ፤ አዝነውም «ከእኛ ጋራ ይቀመጡ» ብለው ወደ ከተማ ይወስዷቸዋል። ይህ የተመሰገነ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ውሻው ለጎረቤት ይሰጣል፤ ላሚቱ ትሸጣለች፤ ድመቲቱ በባዶ ቤት ትቀራለች፤ ስለ እነርሱም ከሽማግሌው ጋራ የሚመካከር የለም። በከተማው ቤት ምግቡ የተሟላ፥ አልጋው የለሰለሰ ሆኖ ሳለ፥ አባት ጧት ተነሥተው የሚሄዱበት ይጠፋቸዋል፤ እናትም ቡናቸውን ዝም ብለው ይጠጣሉ። ልጆቹም «ምን ጐደለባቸው?» እያሉ ይጨነቃሉ።

የጐደለባቸው እንደ እኛ አሳብ ጌትነት ነው። ሽማግሌ ሰው በልጆቹ ቤት ሁሉ ነገር ይደረግለታል እንጂ እርሱ ለማንም የሚያደርገው የለም። በቆሼ ሳሉ ግን እርሳቸው ካልሰጡ የማትበላ ዶሮ፥ እርሳቸው ካልከፈቱ የማይወጣ ከብት፥ እርሳቸው ካልተነሡ የማይረካ ውሻ ነበረ። ለሚጠብቀው ፍጥረት ሲል የሚነሣ ሰው፥ ለራሱ ሲል ከሚነሣው ይልቅ ቶሎ ይነሣል። ስለዚህ እንስሳን ከሽማግሌ እጅ መውሰድ መጫወቻ መውሰድ አይደለም፤ የመጨረሻውን ሹመት መሻር ነው። ሹመት መሻር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በመንግሥት ሥራ ለሚደክሙት አንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም።

ይሁን እንጂ ፍቅር ያለ ጥንቃቄ ጕዳት ያመጣል። ከሁሉ የሚበልጠው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1885) በውሻ ለተነከሰ ልጅ ክትባቱን ከሰጠ ወዲህ ግን፥ ሳይዘገይ የተከተበ ሰው ይድናል። ስለዚህ ሽማግሌው ለውሻቸው ፍርፋሪ እንደሚያስቡለት ልጆቻቸው ክትባቱን ያስቡለት፤ በየዓመቱም ያስከትቡት። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ይጠበው፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወደ ጠበል መሄድ የሚሻም ቢሆን ክትባቱን አያስቀር።

ሁለተኛው የሕግ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 እንደሚደነግገው፥ እንስሳ ጕዳት ቢያደርስ፥ ከባለቤቱ እጅ አምልጦም ቢሆን፥ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። የዋህ ነው የተባለ ውሻ የጎረቤትን ልጅ ቢነክስ የዋህነቱ ምክንያት አይሆንም። ሦስተኛውም፥ ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን በሌሊት ሲነሡ በእግራቸው መካከል በምትሽሎከሎክ ድመት ተሰናክለው እንዳይወድቁ፥ በመኝታቸው አጠገብ መብራት ይኑር።

የከተማው ቤት ጠባብ ከሆነና ላም የማያስገባ ከሆነስ? ላሚቱን ማምጣት ባይቻል ድመቲቱን ማምጣት ይቻላል፤ ድመትም ባይቻል ሁለት ዶሮ በጓሮ ማርባት ይቻላል። ይህም ሁሉ ባይሆን፥ ላሚቱ ከመሸጧ በፊት ሽማግሌውን መጠየቅ፥ ለማን እንደምትሰጥ እርሳቸው እንዲመርጡ ማድረግ፥ በየበዓሉም ወስዶ ማሳየት ይገባል። በስሟ ሲጠሯት ዘወር ካለች፥ የመጡበት መንገድ ሁሉ ተከፍሏቸዋል።

በመጪው በዓል ወደ አባት ቤት የምትሄዱ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ለእናትና ለአባት ከምትይዙት ነጠላና ጋቢ ጋራ ይህን ምክር ያዙ። ሽማግሌው ከውሻቸው ጋራ ሲነጋገሩ ብታገኟቸው አትሳቁ፤ ይልቁንም በርጩማ ስባችሁ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ለውሻው የሚነግሩት ነገር ምናልባት እናንተ እንድትሰሙት የፈለጉት ይሆናል።