ሜዳን ፎቶ ማንሳት

ጠፍጣፋ መሬት ፎቶ ላይ ባዶ ይመስላል፤ የፎገራ ሜዳም ሆነ የአፋር በረሃ የጨው ሜዳ በዚህ አይለያዩም። ዘዴው ያለው ብርሃኑ ላይ ነው። በፎገራዋ ወረታ ከተማ ዙሪያ በበጋ የማሳው እርጥበት ሲያልቅ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ይሰነጣጠቃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን ስንጥቁ ይደበዝዛል፤ በማለዳ ወይም ሊመሽ ሲል ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የእያንዳንዱ ስንጥቅ ጠርዝ ጥላ ጥሎ ጎልቶ ይወጣል። ተንበርክካችሁ ካሜራውን ወይም ስልኩን ወደ መሬት አስጠጉ፤ ስንጥቁ ከፊት ሰፍቶ ወደ አድማስ ሲጠብ ርቀቱ ይታያል። በሩቅ የቆመ አንድ የፎገራ በሬ ቢገባበት ደግሞ የሜዳውን ስፋት ለመገመት ያግዛል። ሰማዩ ደመና ከሌለው ድርሻውን ቀንሱለት። በክረምት፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ውሃው ማሳው ላይ ሲተኛ፣ ነገሩ ይገለበጣል፦ ውሃው ደመናውን ስለሚያንጸባርቅ ሰማዩን በሰፊው ማስገባት ያዋጣል።