ጠዋት ጣት የሚያስረው ቁርጥማት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ቁርጥማት። የጉና ተራራ ብርድ ነው ያመጣው ይባልና ጠበል ይጠመቁለታል፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይወርዱለታል፤ ሲብስም ዲክሎፌናክ ይወጉለታል። ከቁርጥማቶቹ አንዱ ግን መነሻው ብርድ አይደለም፤ ማስታገሻ ሕመሙን ቢያበርደውም ጉዳቱን አያስቆመውም። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይቲስ ይሉታል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የመገጣጠሚያን ውስጠኛ ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ያብጣል፤ እያደር ልም አጥንቱንና አጥንቱን ይበላል። በዓለም ላይ የሚይዘው ከ100 ሰው አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል።

ምርመራው ከላቦራቶሪ በፊት በጥያቄ ይጀመራል። «እናቴ፣ ጠዋት ሲነሱ እጅዎ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል?» ሰዓት የማታይ እናት «ሊጥ ማቡካት የምችለው ረፋድ ላይ ነው» ብትል በቂ መልስ ነው። በዕድሜና በሸክም ብዛት የተጎዳ ጉልበት ጠዋት ቢደርቅም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል፤ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ይብሳል። ሩማቶይድ አርትራይቲስ ግን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስራል፤ ሲንቀሳቀሱ ነው የሚሻለው።

ቀጥሎ እጅ ይታያል። ሐኪሙ አራቱ ጣቶች ከመዳፍ የሚጋጠሙበትን መስመር ከዳርና ከዳር ይዞ ቀስ ብሎ ይጨምቃል፤ እዚያ ላይ ካመማት ጥርጣሬው ይጠነክራል። እብጠቱ ሲዳሰስ ልስልስ ይላል፣ አጥንት አጥንት አይልም። የእጅ አንጓና የጣት መካከለኛ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፤ ከጥፍር አጠገብ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ቀኝና ግራው አብረው ይታመማሉ፤ የእግር ጣቶችም እንዲሁ።

የሚያምታቱ ሕመሞች አሉ። ሪህ አብዛኛውን ጊዜ ድንገት ሌሊት በአንድ የእግር አውራ ጣት ይነሳል። የመገጣጠሚያ ቲቢ በአንድ ትልቅ መገጣጠሚያ ላይ ይሰነብታል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ፣ ከብት የሚያዋልድ ገበሬ ትኩሳትና ላብ ካለው ብሩሴላ ይጠረጠራል። ጉሮሮውን ታሞ የሰነበተ ልጅ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ከዘለለበት ደግሞ የልቡ ነገር ያሰጋል።

የደም ምርመራ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። ሩማቶይድ ፋክተር የተባለው የደም ምልክት የሚገኘው ከ10 ሕሙማን በ7ቱ ገደማ ነው፤ በቲቢ፣ በጉበት ቫይረስና በጤነኛ አዛውንቶችም ደም ይገኛል። አንቲ ሲሲፒ የተባለው ምርመራ ይበልጥ ይታመናል። ራጅ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ከ10 ነጥብ 5ቱን የሰጠው ላበጡት መገጣጠሚያዎች ብዛትና ዓይነት ነው፤ የቀሩትን ለደም ምርመራዎችና ሕመሙ 6 ሳምንት ለመሙላቱ አከፋፍሏል። 6 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በሽታው እንዳለበት ይቆጠራል።

በሽታው ቶሎ ከታወቀ ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ብዙዎችን ከአካል ጉዳት ያድናል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

እናም የሁለት እጅዎ አንጓዎች አብጠው 6 ሳምንት ካለፋቸው ሌላ መርፌ አይጨምሩ። ከጤና ጣቢያው ሪፈር ያስጽፉና ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ ወይም ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይታዩ።