ያልተለመደው መክፈቻ

ቼዝ አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት የነበረው ጨዋታ ዘመድ ነው። ስለ ሑክሙ ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ሑክሙ ሳይሆን ሱልጣን ኻን የተባለ የፑንጃብ ሙስሊም ታሪክ ነው።

ሱልጣን ኻን ጨዋታውን የተማረው በአገሩ ደንብ ነበር። በዚያ ደንብ ወታደር መጀመሪያ ስትነሣ አንድ ቤት ብቻ ትራመዳለች፤ በአውሮፓው ግን ሁለት መሄድ ትችላለች። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ መክፈቻውን፣ ማለትም የጨዋታውን የመጀመሪያ ርምጃዎች፣ ፈጽሞ ይለውጠዋል። አውሮፓውያን ደግሞ ይህን ክፍል ከመጻሕፍት ያጠኑት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1929 ኡመር ሐያት ኻን የተባሉ ባላባት ወደ ለንደን ወሰዱት። ለልምምድ በተዘጋጀለት ውድድር መጨረሻ ከወጡት አንዱ ሆነ። ያየው ሁሉ «አይችልም» ቢል አያስገርምም ነበር። ዊንተርና ዬትስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተጫዋቾች ግን አብረውት ተለማመዱ። በዚያው በጋ የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ! በ1932 እና በ1933ም ደገመው።

በ1930 መጨረሻ በተጀመረው የሄስቲንግስ ውድድር ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ከካፓብላንካ ጋር ተገናኘ። ነጩን ይዞ በአምስተኛው ርምጃ የዳሯን ወታደር አንድ ቤት ብቻ አስኬዳት፤ የአገር ቤቱን ጨዋታ የምትመስል ዝግ ያለች ርምጃ ነበረች። በ65ኛው ርምጃ አሸነፈ። ያች መክፈቻ ዛሬ በታላላቅ ተጫዋቾች ዘንድ የታወቀች ናት። እርሱም በ1966 ካረፈ በኋላ፣ በ2024 ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን የክብር ግራንድ ማስተርነት ሰጠው።

ከመድረሳ ወጥተን አስኳላ የገባን መምህራን ይህን ታሪክ ስናነብ የራሳችን ጉዳይ ይመስለናል። ቁርኣን ያኸተመ ልጅ በመጀመሪያው መንፈቅ ከክፍሉ መጨረሻ ሲወጣ «ደካማ ነው» ይባላል። እኛም ተብለናል። አንድ መምህር ከሰዓት በኋላ እያስቀሩ ክፍልፋይ እስኪያስረዱን ድረስም አምነን ነበር።

ውድ ወላጆች! የልጃችሁን ካርድ አይታችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት አጠገባችሁ አስቀምጡትና ከየት ላይ እንደጠፋበት ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አእምሮው ሳይሆን ማንም ያላሳየው መክፈቻ ነው።